የጋሽ አልበሽር ጥርስ

በሐይቁ ዳር ከተማ ቀኑ የሚጀምረው በአሣ ማስታወቂያ ነው። ገና ጎህ ሳይቀድ ወደቡ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ይንኮሻኮሽና አንዲት ድምጿ ስልችት ያለ ሴት የዕለቱን ድርሻ ታነባለች። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት ከመዳፍ ያነሰ አሣ፣ ያውም በሳምንት አንዴ። ሕፃናት ጭራሽ አይፈቀድላቸውም። ጎልማሶች መካከለኛውን። ዕድሜ ልኩን ባዜቃ የሚሉትን መርዘኛ ፈሳሽ ብረት፣ ሜርኩሪን፣ ሲያጠራቅም የኖረው ትልቁ አሣ ለሽማግሌዎች። ድሮ ትልቁ ብልት ለትልቅ ሰው የሚቀርበው ለክብር ነበር፤ አሁን ግን ባዜቃው ሥራውን እስኪጨርስ ሽማግሌው አይቆይም ተብሎ ነው። ሽማግሌዎቹም ይህን ያውቃሉ፣ አውቀውም ይበላሉ። እርሻው ሐይቁ ሥር ከገባ ዘመን አልፎታል፤ ሌላ ምን ይብሉ?

አጸደ ማስታወቂያውን የምትሰማው እጇን እየታጠበች ነው። በአንዱ ውኃ ታጥባ፣ በሌላው ታለቀልቅና እጆቿን ከደረቷ ፊት ከፍ አድርጋ ትቆማለች። ልጇ ምንታምር ሕፃኗን እንዳዘለች መጥታ በሩን ትከፍትላታለች፤ አውቶቡሱ ደግሞ ማንነቷን ስለሚያውቅ ሳትነካው ይከፈታል። አሣ ከበላች ዓመታት ሆኗታል። የምትበላው መሥሪያ ቤቷ የሚሰጣትን የታሸገ ነገር ነው፤ ጣዕሙ ምን ይመስላል ብለው ሲጠይቋት፣ ምንም ነው የምትለው።

የሥራ መደቧ «ንጹሕ እጅ» ይባላል። ቀልድ ይመስላል እንጂ መታወቂያዋ ላይም የተጻፈው ይኸው ነው። የባዜቃ መለኪያ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚለካው ነገር እጅግ ጥቂት ስለሆነ ላብም አቧራም ያበላሸዋል፤ ስለዚህ ሁለት ሰው እንደ አንድ ሆኖ ይሠራል። ንጹሕ እጅ ከናሙናው ጠርሙስ በቀር ምንም አይነካም። ቆሻሻ እጅ ደግሞ ከጠርሙሱ በቀር ሁሉን ይነካል፤ በር ይከፍታል፣ ማሽኑን ያዛል፣ አሲዱን ይቀዳል፣ ንጹሕ እጅ አፍንጫዋን ሲበላት ያክላታል።

የአጸደ ቆሻሻ እጅ ጋሽ አልበሽር ናቸው። ለዓመታት አብረው ስለሠሩ አፍንጫዋን የሚበላት ሰዓት ከእሷ በፊት ይታወቃቸዋል። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዚህ ሳይቀና አልሞተም። እኔ ሳክልሽ ቦታውን አላገኘውም፣ እሳቸው እንዴት ነው የሚያውቁት እያለ ይነጫነጭባት ነበር።

ላቦራቶሪው ውስጥ ወርቅ ክልክል ነው። ወርቅና ባዜቃ ሲዋደዱ ለጉድ ነው፤ አገሩን ያጠፋውም ፍቅራቸው ነው። ከላይ በወንዞቹ ዳር ወርቅ አጣቢው ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ባዜቃ ሲያፈስ የኖረው ደቃቁን ወርቅ እንዲሰበስብለት ብሎ ነበር። ወርቁ ሄደ፤ ባዜቃው ከወንዙ ወደ ሐይቁ፣ ከሐይቁ ወደ አሣው ገባ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ለብዙ ዘመን የታመመ ሰው አልነበረም። አሁን ማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለች ቁንጥር ወርቅ ባዜቃውን መልሳ ትለቅመዋለች። አጸደ ቀለበቷን አውልቃ ሣጥን ውስጥ ካስቀመጠች ስለቆየች ጣቷ ላይ ምልክቱ እንኳ የለም።

የሚለካው ጸጉር ነው። የከተማዋ ሴቶች ሹሩባ ሲሠሩ ማጅራታቸው ላይ አንዲት ዘለላ ሳትጎነጎን፣ ቅቤም ሳይነካት ትቀራለች። «የመንግሥት ዘለላ» ይሏታል። ሹሩባ ሠሪዎቹ ገና ማበጠሪያ ሳያነሱ የመንግሥትን እንለይ ወይ ብለው ይጠይቃሉ፤ የመንግሥቷ የረዘመች ሴት ብትኖር መንግሥትሽ ሰፋ እየተባለች ይሳቅባታል። ያረገዘችና የምታጠባ ሴት በየወቅቱ ከዘለላዋ ቆርጣ ትሰጣለች። ማሽኑ ስለ እያንዳንዷ አንድ ቃል ብቻ ይናገራል። «በታች» ካለ ቤቷ ትቀመጣለች። «በላይ» ካለ አውቶቡስ መጥቶ አሣ ወደሌለበት ደጋ ይወስዳታል፣ ልጇ ሞግዚቶች ሕፃናት የሚያሳድጉበት ወተት ቤት ይገባል፤ ይህም ንጹሕ ጸጉር እስኪያድግላት ድረስ ነው። ጸጉር ደግሞ ሰው ስለቸኮለ አይፈጥንም። ከደጋ የተመለሱ እናቶችን ልጆቻቸው ሲያዩ ሞግዚቷ ቀሚስ ሥር እንደሚደበቁ የማያውቅ የለም።

የየቀኑ ሥራ የሚከፈተው በባዶው ነው። ባዶ የሚሉት ጸጉር ያልገባበትን ጠርሙስ ነው፤ አሲድና የተጣራ ውኃ ብቻ ይዞ እንደሌሎቹ ይሞቃል፣ ይለካል። እሱ ላይ የተገኘው ባዜቃ ከአየሩ ወይም ከዕቃው የመጣ ነው ተብሎ ከሴቶቹ ሁሉ ቁጥር ላይ ይቀነሳል። ሰው ባልበላው እንዳይጠየቅ ነው ነገሩ። አጸደ ጠርሙሱን ከፍታ ትይዛለች፤ ጋሽ አልበሽር አሲዱን ይቀዳሉ፤ ከዚያ የአፍ መሸፈኛቸውን ወደ አገጫቸው ዝቅ አድርገው፣ ወደ ጠርሙሱ ጎንበስ ብለው፣ ረዘም ያለች ቢስሚላህ ይላሉ። ደንቡ መሸፈኛ አይወልቅም ይላል። ግን አጸደም ሳታማትብ ከቤት የማትወጣ ሴት ናት፤ የትልቅ ሰው ጸሎት እንዴት ትከለክላለች? እንዲያውም ትወደው ነበር። ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚል ትንፋሻቸው ሲሸታት ቀኑ የተባረከ ይመስላት ነበር።

ጋሽ አልበሽር ቀርተው አያውቁም። ያን ሰኞ ግን ታምሜአለሁ ብለው ላኩ፤ በቦታቸው ኃላፊው ዶክተር ኩምሳ ራሱ ገባ። ዶክተር ኩምሳ በዕድሜ ከአጸደ ያንሳል፣ ግን ፊቱ ላይ ያለው ድካም ታላቋ ያስመስለዋል። የሐይቁን ዙሪያ ላቦራቶሪዎች በሙሉ ብቻውን ስለሚመራ እንቅልፉን የሚጨርሰው አውቶቡስ ላይ ነው። መሸፈኛውን እስከ ዓይኑ ሥር ስቦ፣ አሲዱን ቀድቶ፣ ምንም ሳይል ጠርሙሱን አስዘጋት።

ባዶው ከሞላ ጎደል ባዶ ሆኖ ወጣ። አጸደ እንዲህ ያለ ቁጥር አይታ አታውቅም። ቀጥሎ ሴቶቹ ገቡ። ማሽኑ በዚያ ለስላሳ ድምፁ «በላይ» አለ። «በላይ።» «በታች።» «በላይ።» እንደገና «በላይ።» ሌላ ጊዜ በጠዋት አንድ ወይም ሁለት «በላይ» ብቻ የሚለው ማሽን፣ እስከ ምሳ ሰዓት ከግማሽ በሚበልጡት እናቶች ላይ ደጋን ፈረደባቸው።

ዶክተር ኩምሳ መጀመሪያ አሲዱን ጠረጠረ፣ አስቀየረ። ቀጥሎ ውኃውን። ከዚያ ዕቃ አቅራቢውን፣ ከዚያ ዋና ከተማ ያለውን ማዕከል፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነ። ማክሰኞ ሁሉ ነገር ታጥቦና ተቀይሮ ከመጀመሪያው ተጀመረ። ባዶው አሁንም ንጹሕ፣ ሴቶቹ አሁንም በላይ። ማታውን ደጅ ባለው አግዳሚ ላይ አጠገቧ ተቀምጦ ጓንቱን እያወለቀ፣ የወጣውን ውጤት እስከ ነገ ይዤዋለሁ አላት። መመሪያው ሁለት መንገድ አለው። ባዶው በድንገት ሲለወጥ ምክንያቱ ካልታወቀ የድሮው የባዶ መጠን ይቀነሳል፤ ሴቶቹም እንደነበሩ ይቆያሉ። ምክንያቱ ከታወቀ ግን አዲሱ ይያዛል፣ የቀድሞዎቹም ሁሉ እንደገና ይሰላሉ።

«እርስዎ በየጠዋቱ እዚያው ነበሩ፣ ወይዘሮ አጸደ» አለ። «የሚያውቁት ነገር አለ?»

ላስብበት አለችው። እሱም አልገፋትም። ሁለቱም የሚያውቁትን አንድ ነገር ግን አላነሡም፦ በማግሥቱ የናሙና ሣጥን ውስጥ የምንታምር ጸጉር ነበረ። ናሙናዎቹ ስም የላቸውም፤ ነገር ግን ያንን እንደ አባቷ ዳማ የሆነ ጸጉር አጸደ ከሺህ መካከል ትለየዋለች። ባለፈው ጊዜ ምንታምር ያለፈችው ለጥቂት ነው። ባዶው ንጹሕ ከሆነ አታልፍም።

አጸደ በቀጥታ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ጋሽ አልበሽር ሐይቁ ዳር በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው፤ ጉንጫቸው አብጦ በነጠላ ታስሯል። ሁልጊዜ እናቶች ገንፎና እርጎ ይዘው የሚመላለሱበት በረንዳ ነበር፤ አጸደ ሰው አክባሪ ከተማ ነው ትል ነበር። ያን ቀን ማንም አልነበረም። በመንገዱ የምታልፍ አንዲት ነፍሰ ጡር አይታቸው ፊቷን አዞረች።

ጥርስ አስነቅለው ነው። የኋላ ጥርሳቸው በወጣትነታቸው የተሞላ ነበር፤ ያኔ ጥርስ የሚሞላው ባዜቃ ባለበት ብር መሰል ነገር ነው። ሲቀጠሩ ላዩ በክዳን ተሸፍኖ ስለነበር ማንም አላየውም። ክዳኑ የወለቀው ሥራ ላይ ሳሉ ነው። በዚያው ሰሞን የባዶው ቁጥር ከፍ ሲል ማሽኑን የሚያዙት እሳቸው ናቸውና አዩ፤ ነገሩ ከአፋቸው እንደሚወጣም ገባቸው። ለመናገር ተነሥተው ነበር። ግን የዚያን ዕለት የልጃቸው ሚስት ጸጉር ተራው ነበረ፤ ማሽኑም «በታች» አለ። ዝም አሉ። ለምራታቸው በሹክሹክታ ነገሯት፤ እሷም ለእህቷ፣ እህቷም ለጎረቤቷ። ከዚያ በኋላ ጥርሱ የከተማው ሆነ። ሲያማቸው እናቶች እየመጡ ይለምኗቸዋል፤ ትንሽ ይታገሡልን፣ እኔ እስክወልድ፣ እኔ ጡት እስካስጥል። ጥርስ ሐኪሙም ሚስቱ ስላረገዘች አልነቅልም አላቸው። ቅርንፉድ እየነከሱ ስንት ክረምት አደሩ።

አጸደ ቆማ ሰማች። ሳይነገራት የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እሷ ጠርሙሱን ይዛላቸው እየቆመች፣ ትንፋሻቸው ሲገባ እያየች፣ ቡራኬ መስሏት ስትደሰት ኖራለች። መናደድ ፈለገች፣ አቅሙ ግን አልነበራትም።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለቻቸው።

«ንጹሕ እጅ ነሻ» አሉ፣ ባበጠ አፋቸው ቃሉን እያኮላተፉ። «ብነግርሽ ምን ትሆኛለሽ?»

ቢስሚላሁስ ብላ ጠየቀች። መጀመሪያ የእውነት ነበረ አሉ፤ በኋላም የእውነት ነበረ፣ ግን በልባቸው ሊሉት ይችሉ ነበር። መሸፈኛውን የሚያወርዱት ለአላህ ብለው እንዳልነበር አላህም ያውቃል። ይህን ሲናገሩ ዓይናቸውን ከሐይቁ ላይ አላነሡም።

ታዲያ አሁን ለምን ነቀሉት አለች። 

«የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ቤትሽ ስመጣ» አሉ፣ «ምንታምር ትሪው አምልጧት ወደቀ። ከነብርጭቆው። ትዝ ይልሻል?»

ትዝ ይላታል።

«ሁላችንም ዘለልን። ሕፃኗ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ ነበር። አልዞረችም፣ አጸደ። አንቺ ምን እንዳልሽም አልረሳሁም። ይቺ ልጅ ጨዋነቷ አልሽ፣ ሁሉም ሳቀ።»

አጸደ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እጇ ምን እንደነካ እንኳ ልብ አላለችም።

«ሌሎቹንም ልጆች ማየት ጀመርኩ» አሉ። «የኔን የልጅ ልጅ ጨምሮ። አራት ዓመት ሞላው፣ ቃል አልወጣውም። ዘገየ እንል ነበር። እሑድ ሌላ ከተማ ሄጄ አስነቀልኩት። እኔ ጥርሴን ነቅያለሁ፤ መናገሩን ግን አቃተኝ። ንገሪያቸው፤ የሚያመጡብኝን ያምጡ።»

በመንገዷ ሁሉ አጸደ ለራሷ ሌላ ታሪክ ስትነግር ሄደች። ሕፃን ሲጫወት አይሰማም። ትሪው ምንጣፍ ላይ ነው የወደቀው። ምንታምርም በልጅነቷ ጸጥተኛ ነበረች። እንዲህ እያለች ቤቷ ደረሰች።

ምንታምር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ታጠባለች። እናቷን ስታይ በሩን ልክፈትልሽ ብላ አልተነሣችም። ወሬው ቀድሟል፤ ጥርሱ መነቀሉን ከተማው ከትናንት ጀምሮ ያውቃል፣ ምንታምርም ታውቃለች። ሽማግሌው ምን ሆነው ነው አለች በምሬት፤ ይህን ሁሉ ዘመን ታግሠው እኔ ላይ ሲደርስ። አጸደ፣ ስታረግዢም ታውቂ ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። ምንታምር የሕፃኗን ካልሲ አስተካከለች። ሁሉም ሴት አውቃ ነው ያረገዘችው፤ ሁሉም ሴት እኔን አይነካኝም ብላ ነው።

«እማዬ» አለች ምንታምር፣ «አንቺን ብቻ ነው የሚጠይቁት አይደል? አላውቅም በያቸው። ውሸት አይደለም፣ እስከ ዛሬ አታውቂም ነበር።»

አጸደ ብትሄጂ ነው የሚሻለው ልትላት ፈለገች።

«ወተት ቤት ያስገቧታል» አለች ምንታምር። «ጸጉሬ እስኪያድግ ድረስ ሌላ ሴት ታቅፋታለች። ስመለስ አታውቀኝም፤ ድምፄን ትረሳዋለች።»

አጸደ ከአልጋው ኋላ ዞራ ቆመች። ከሕፃኗ የምታየው ጭንቅላቷን ብቻ ነበር፤ ጸጉሯ ገና ስስ ነው፣ ማጅራቷ ላይ ተፈትሎ በላብ ተጣብቋል። ሁለት እጇን አንሥታ አጨበጨበች። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ድምፁ ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ፤ ምንታምር ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሕፃኗ መጥባቷን ቀጠለች። አጸደ እንደገና አጨበጨበች፣ ይበልጥ ቀርባ፣ መዳፏ እስኪቃጠል። ትንሿ እጅ በእናቷ ጡት ላይ እንዳለች ቀስ ብላ ትከፈታለች፣ ትዘጋለች።

«ተይ፣ እማዬ» አለች ምንታምር ዞራ ሳታያት። «ልጄን አታስደንግጪብኝ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። አጸደ ልጇም ከእሷ ቀድማ እንደምታውቅ፣ ብቻዋን ሆና እንደሞከረችው፣ ምናልባትም በየቀኑ እንደምትሞክረው ተረዳች። አጠገቧ ተቀምጣ አቀፈቻት፤ ሕፃኗ በመካከላቸው እንቅልፍ ወሰዳት። እንዲህ ሆነው ስለ ሻንጣ፣ ስለ ደጋ ብርድ፣ ስለ ወፍራሙ ጋቢ አወሩ። ልሂድ ያለች የለችም፤ ሂጂም ያለች የለችም። ጋቢውን ግን ምንታምር ራሷ ከሣጥኑ አወጣችው።

በማግሥቱ የድምፅ ማጉያዋ ሴት እንደወትሮው የአሣውን ልክ አነበበች። አጸደ ታጠበች፣ ሄደች። ዶክተር ኩምሳ ዓይኑ ቀልቶ ጠበቃት፤ አዲሱን ባዶ አብረው አወጡ፣ ንጹሕ ነው። ቆማ ሁሉንም ነገረችው፤ ጥርሱን፣ ትንፋሹን፣ ጠርሙሱን የያዘችው እሷ መሆኗን። ጋሽ አልበሽር ራሳቸው ንገሪ እንዳሏትም አልደበቀችም። እሱ ግንባሩን በክንዱ ደግፎ ሰማ። ደጋ ያሉት ቤቶች ይህን ሁሉ ሴት አይችሉም አለ፤ አውቶቡሱም አይበቃም፣ ወተት ቤቱም። ከዚያ እንደገና ለራሱ አለው። ቢሆንም መዝገቡን ከፍቶ ምክንያቱ ታውቋል ብሎ ጻፈ።

ሣጥኑ ተከፈተ። የዕለቱ ናሙናዎች በየጠርሙሳቸው ተደርድረዋል።

«የማንን እናስቀድም?» አላት፣ ዓይኑን ሳያነሣ።

የዘመድን ጸጉር ንጹሕ እጅ አትይዝም፤ ወጥታ ለሌላ ትለቃለች፣ ደንብ ነው። አጸደ ጓንቷን አወለቀች፣ በሩን በገዛ እጇ ከፈተችና መዝጊያውን እንደያዘች መለስ አለች።

«የልጄን» አለች።